በመስኮት ታይቶ ከመደብር የጠፋው ሽጉጥ

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1984 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ‹‹ማያሚ ቫይስ›› የተባለውን የፖሊስ ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ዋናው መርማሪ ሶኒ ክሮኬት ጫማውን ያለ ካልሲ ያጠልቃል፤ ከፈዛዛ ኮቱ ሥር ከነቴራ ይለብሳል፤ ብብቱ ሥር ደግሞ ትልቅ የሚያብረቀርቅ ሽጉጥ ያንጠለጥላል። ሽጉጡ ‹‹ብሬን ቴን›› ይባላል። የጦር መሣሪያ ወዳጆች ስለዚህ ሽጉጥ ዛሬም የሚያወሩት አንድ ወግ አለ። ድራማው ሽጉጡን አነገሠው፣ የአሜሪካንም ፖሊስ ከአሮጌው ሪቮልቨር አላቅቆ በራሱ ወደሚያጎርሰው ሽጉጥ አሻገረው ይላሉ። ወጉ ለጨዋታ ይጥማል፤ ማስረጃው ሲደረደር ግን አይጸናም። በእኔ እምነት ቴሌቪዥኑ ለሽጉጡ ያደረገለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልብስ አደረገው። ልብስ ዓይን ይስባል፣ ያስመኛል፤ ፋብሪካ ግን አያቆምም፣ የፖሊስ መምሪያንም ውሳኔ አያስቀይርም። ብሬን ቴንን የገደለው የገዛ ፋብሪካው ችግር ነው። የፖሊሱን ትጥቅ የቀየረው ደግሞ በዚያው በማያሚ፣ ካሜራ ባልተተከለበት መንገድ ላይ የፈሰሰው ደም ነው።

‹‹ልብስ›› ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የሚገባው ከማያሚ ቫይስ በፊት የነበሩትን የቴሌቪዥን መርማሪዎች ያየ ሰው ነው። በ1951 ቴሌቪዥን ላይ የወጣው የ‹‹ድራግኔት›› ሳጅን ጆ ፍራይዴይ አጭር ባለ 38 ካሊበር ሪቮልቨር ይታጠቃል፤ ነገር ግን ከሽጉጡ ይልቅ የማስታወሻ ደብተሩ ይበልጥ ይሠራለታል። ኮሎምቦማ ጭራሹን አይታጠቅም። በ1975 በታየ አንድ ክፍል ላይ ለዓመታት ወደ ተኩስ መለማመጃው ብቅ እንዳላለ ሲነገረው፣ ፈተናውን በእሱ ስም የሚተኩስለት ሰው ፍለጋ ይገባል። ‹‹ዘ ሮክፎርድ ፋይልስ›› ላይ ደግሞ የግል መርማሪው ጂም ሮክፎርድ ሪቮልቨሩን የሚያኖረው በኩኪስ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ሽጉጥ የሌላቸው ወይም የሚደብቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ደራሲዎቹ ‹‹ይህ ሰው ወንጀለኛን የሚይዘው በጭንቅላቱ ነው›› ሊሉን ፈልገዋል። የኮሎምቦ የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት የሚናገረውን ያህል ባዶ ወገቡም ይናገራል። ከ1975 እስከ 1979 የታየው ‹‹ስታርስኪ ኤንድ ሃች›› ላይ ነገሩ መለወጥ ይጀምራል፤ የሃች ረጅም ኮልት ፓይተን ሪቮልቨር ከኮቱ ውስጥ ሲወጣ ካሜራው አብሮት ይሄዳል። እዚያ ላይ ሽጉጥ ከመሣሪያነት አልፎ የሰውዬው መለያ ሆኗል። ማያሚ ቫይስ ይህን ነው ተቀብሎ ጫፍ ያደረሰው።

ከተማዋ ራሷ ለዚህ ዓይነቱ ድራማ የምትመች ነበረች። ጁላይ 11 ቀን 1979 በጠራራ ፀሐይ ዴድላንድ በተባለው የገበያ አዳራሽ፣ በአንድ የመጠጥ መደብር ውስጥ ሁለት ሰዎች ትንንሽ አውቶማቲክ መሣሪያ በያዙ ነፍሰ ገዳዮች ተረሸኑ። ገዳዮቹ ጥለውት የሸሹት የዕቃ ማመላለሻ መኪና በጦር መሣሪያ ተሞልቶ ስለተገኘ ፖሊሶች ‹‹የጦርነት ጋሪ›› የሚል ስም አወጡለት። በቀጣዩ ዓመት 125,000 ገደማ ኩባውያን ከማሪየል ወደብ ተነሥተው ፍሎሪዳ ገቡ፤ ከእነሱ የሚበዛው ኑሮ ፍለጋ የመጣ ሰላማዊ ሕዝብ ቢሆንም ከተማዋ ግን በአንድ ጊዜ ተጨናነቀች። የኮኬይን ንግዱ ሲደረብበት በ1981 ብቻ በዴድ አውራጃ ከ600 በላይ ሰዎች ተገደሉ። የአውራጃው ሬሳ ማቆያ ስለሞላ ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ተከራይተው አስከሬን አኖሩበት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ታይም መጽሔት ስለ ደቡብ ፍሎሪዳ የሽፋን ታሪክ ይዞ ሲወጣ ‹‹የጠፋች ገነት?›› ብሎ ጠየቀ። እንግዲህ አንቶኒ የርኮቪች ድራማውን ሲፈጥር፣ ማይክል ማንም በዋና አዘጋጅነት ሲቀርጸው፣ ጦር መሣሪያውን ከአየር ላይ አላመጡትም። ይህን አምኜ እቀበላለሁ። ነገር ግን የማያሚ ጎዳና ላይ የነበረው መሣሪያ የገዳዮቹ እንደነበር ልብ ይሏል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፖሊስ አብዛኛው ስድስት ጥይት የሚይዝ ሪቮልቨር ነው የታጠቀው። ክሮኬት የያዘውን ሽጉጥ በመንግሥት ደንብ የታጠቀ የፖሊስ ኃይል አልነበረም።

ታዲያ ብሬን ቴን ከየት መጣ? ካሊፎርኒያ፣ ሀንቲንግተን ቢች ውስጥ ቶማስ ዶርናውስና ማይክል ዲክሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት ትንሽ ድርጅት ነው የሠራው። አማካሪያቸው የቀድሞው የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ጄፍ ኩፐር ነበር። ኩፐር በ1976 አሪዞና ውስጥ የተኩስ ማሠልጠኛ ያቋቋመ፣ ሽጉጥን በሁለት እጅ ይዞ የመተኮስን ዘዴ ያስፋፋ፣ ንግግሩም ጽሑፉም የሰላ ሰው ነው። እሱ የተመኘው ከአሮጌው 45 ካሊበር የበለጠ ርቆ የሚመታና ብዙ ጥይት የሚይዝ የፍልሚያ ሽጉጥ ነው። ለእጅ አያያዝ ተስማሚ ሆኖ ያገኘው ቼኮዝሎቫኪያ የሠራችውን ሲዜድ 75 ነበር። ይሁንና አገሪቱ ከሶሻሊስቱ ጎራ ስለነበረች ሽጉጡ በአሜሪካ ገበያ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የቼኩን አካል አግዝፈው አዲስ ጥይት አጎረሱት። ጥይቱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን የስዊድኑ ኖርማ ኩባንያ ፈበረከው፤ 13 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 365 ሜትር ያህል ያስፈነጥራል። የድሮው 45 በጥቂቱ የከበደ አረር በሴኮንድ 260 ሜትር ገደማ ነው የሚገፋው፤ ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ‹‹ቴን›› የመጣው ከዚህ ከ10 ነው። ‹‹ብሬን›› ደግሞ ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። ከቼኳ ከተማ ከብርኖና ከእንግሊዙ ኤንፊልድ መነሻ ፊደላት ተገጣጥሞ የተሠራ የቀላል መትረየስ ስም ነው፤ በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ባስወጣው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር ታጥቆት ነበር፣ በእኛ ወታደሮች አፍም ሲነገር የኖረ ነው።

ምኞቱ ትልቅ፣ ጓዳው ግን ባዶ ነበር። ድርጅቱ ከ1983 እስከ 1986 ባለው ጊዜ የሠራው 1,500 ገደማ ሽጉጥ ብቻ ነው። ከዚያም የከፋው የካዝናው ነገር ነው (አንዳንዱ ሰው ካርታ ይለዋል)። በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ ጥይቱን የሚያገኘው እጀታው ውስጥ ከሚገባው ካዝና ነው። ምላጭ ሲሳብ የባሩዱ ኃይል የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ባዶው ቀለሃ ይወረወራል፤ ብረቱ በሞላ ተስቦ ሲመለስ ከካዝናው አንድ ጥይት ጠርጎ አፈሙዙ ሥር ያጎርሳል። ካዝና ከሌለ ይህ ሁሉ አይኖርም፤ በእጅ አንዳንድ ጥይት እየከተቱ መተኮስ ይቀራል። የብሬን ቴን ካዝና ደግሞ ከሌላ አምራች የሚታዘዝ ሆኖ በጊዜው አልደረሰም። ድርጅቱ ደንበኞቹን ማስጠበቅ ስላልቻለ ብዙዎቹን ሽጉጦች ያለ ካዝና ላከ። ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሳጥኑን ሲከፍት የሚያምር፣ አዲስ፣ መተኮስ የማይችል ብረት አገኘ። ድራማው በሳምንት አንዴ፣ አርብ ማታ፣ ለሚሊዮኖች ሽጉጡን ሲያስተዋውቅ ነው ይህ የሆነው። ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም፤ ምኞት የካዝናን ጉድለት መሙላት ቢችል ኖሮ ብሬን ቴን በሞላ ነበር። በ1986 ድርጅቱ ከሠረ፤ ሽጉጡን ከዚያ ወዲህ ለማስነሣት የሞከሩም አልተሳካላቸውም።

አሁን ወደ ቀረጻው ቦታ ጠጋ እንበል፤ ልብስ ያልኩት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። በመክፈቻው ፊልም ላይ ክሮኬት የታጠቀው ብሬን ቴንን ሳይሆን ሲግ ሳወር ፒ220 የተባለ ጥቁር ሽጉጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የድራማው ሰዎች ከሀንቲንግተን ቢች ሁለት ብሬን ቴን አገኙ። የማያሚ ቫይስ ትዕይንት አብዛኛው በሌሊት ነው የሚካሄደው፤ ጥቁር ብረት በጨለማ ይዋጣል። ስለዚህ የሽጉጦቹ ተንሸራታች ብረት በክሮም ተለበጠ፤ የመንገዱ መብራት ሲያርፍበት ቦግ እንዲል። እውነተኛ ስውር ፖሊስ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። በጨለማ የሚያብለጨልጭ ሽጉጥ ባለቤቱን አስቀድሞ የሚያሳጣ ሽጉጥ ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለቀረጻ የሚተኮሰው አረር የሌለው ጥይት ነው። አረሩ ስለሌለ የባሩዱ ጋዝ በቀላሉ ያመልጣል፤ ብረቱን ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል አይጠራቀምም። የፊልም መሣሪያ ባለሙያዎች የአፈሙዙን ቀዳዳ በማጥበብ ይህን ይፈቱታል፤ ግን ለዚያ የሚሆን አረር አልባ ጥይት መኖር አለበት። ለአዲሱ 10 ሚሊ ሜትር እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም፤ ለ45 ካሊበር ግን ሞልቷል። ስለሆነም ሁለቱ የድራማው ሽጉጦች 45 ካሊበር ተደርገው ተሠሩ። ስሙ ‹‹አሥር›› የሆነውና በአሥርነቱ የተወደደው ሽጉጥ በቴሌቪዥኑ መስኮት ሲንጣጣ የኖረው በ1911 የአሜሪካ ጦር በተቀበለው በአያቶቹ ጥይት ነበር። ክሮኬት ይነዳት የነበረችውም ጥቁር ፌራሪ ዴይቶና ከላይ ፌራሪ፣ ከሥር ሼቭሮሌ ኮርቬት ነበረች። የጣሊያኑ ኩባንያ ከተቆጣ በኋላ በሦስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ በሚሳይል ተመትታ ጋየች፤ በቦታዋም እውነተኛ ቴስታሮሳ መጣች። ሽጉጡ ያን ያህል ክብር አላገኘም፤ በዚያው ምዕራፍ በዝምታ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን 645 ተተካ።

አረር አልባ ጥይት ሲባል መጫወቻ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር አንድ ነገር ልጨምር። ድራማው በተጀመረ በወሩ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1984፣ ‹‹ኮቨር አፕ›› በተባለ የሲቢኤስ ተከታታይ ድራማ ቀረጻ መካከል ተዋናዩ ጆን ኤሪክ ሄክሰም እረፍት ላይ ሳለ አረር አልባ ጥይት የጎረሰ ባለ 44 ካሊበር ሪቮልቨር ሰሪሳራው ላይ አስጠግቶ እንደ ቀልድ ምላጩን ሳበው። የተኩሱ ግፊት የራስ ቅሉን ሰበረ፤ በስድስተኛው ቀን አረፈ። የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ልብስ ነው ያልኩት ሽጉጥ ለተመልካቹ ነው ልብስ የሚሆነው፤ ለሚይዘው ሰው ምንጊዜም ብረትና ባሩድ ነው።

የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ‹‹ማያሚ ቫይስ እኮ ለጦር መሣሪያ እውነተኛነት ከማንም በላይ የተጨነቀ ድራማ ነው›› የሚሉ አሉ፤ ሐሰትም አላሉም። ማይክል ማን ቀደም ሲል በ1981 ‹‹ቲፍ›› የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ ተዋናዩን ጄምስ ካንን ጄፍ ኩፐር ማሠልጠኛ ልኮ ተኩስ አስተምሮታል። ማያሚ ቫይስ ውስጥም በመጀመሪያው ምዕራፍ የነፍሰ ገዳይነቱን ሚና እንዲጫወት ያስመጣው በተዋናይነት የሚታወቅ ሰው ሳይሆን ጂም ዙቢየና የተባለ የውድድር ተኳሽ ነው። ዙቢየና ከኮቱ ሥር ሽጉጡን መዝዞ ሁለቴ ደረት፣ አንዴ ግንባር የሚመታበት ቅጽበት ከመፍጠኑ የተነሣ ተመልካቹ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያልቃል፤ የተኩስ አሠልጣኞች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ይህን ሁሉ ካመንኩ በኋላም ክርክሬ አይናወጥም፤ እንዲያውም ይጠናከራል። ድራማው እውነተኛ ያደረገው የእጁን እንቅስቃሴ ነው። የሰውነት አቋም፣ አያያዝ፣ ፍጥነት፣ እነዚህ ሁሉ ካሜራ የሚያያቸው ናቸው። ካሜራ የማያየውን፣ ማለትም የጥይቱን ዓይነት፣ የመሣሪያውን አስተማማኝነት፣ መለዋወጫ መኖር አለመኖሩን፣ ተወው። በመስኮቱ እውነት የሚባለው ለዓይን የሚበቃው ነው፤ የፖሊስ መምሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ግን በዓይን አይገዛም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገበያ በኩል ይመጣል። በ1971 ክሊንት ኢስትውድ በ‹‹ደርቲ ሃሪ›› ፊልም ይዞት ከታየ በኋላ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29 የተባለው ባለ 44 ካሊበር ሪቮልቨር ፈላጊው በዝቶ ሻጭ አጥቶ ነበር። ሽጉጡ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ ለአደንና ለጉራ ካልሆነ ብዙም የማይፈለግ ነበር። እንግዲህ መስኮት ሽጉጥ ይሸጣል ማለት አይደለም ወይ? ይሸጣል፤ የሚሸጠው ግን ያለውን ነው። ከሞዴል 29 ጀርባ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ሽጉጥ የሚያመርት ፋብሪካ ቆሟል፤ ከብሬን ቴን ጀርባ የነበሩት ካዝና የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ሽጉጦች ያስነሡት ምኞት አንድ ዓይነት ነው፤ ውጤቱ ለምን ተለያየ ቢባል መልሱ ከመስኮቱ ውጭ ነው። ማያሚ ቫይስ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ብሬን ቴን ሲጠፋ ድራማው ወደዚያው አንጋፋ ፋብሪካ ዞረ፤ በ1985 ገበያ ላይ የዋለውን 645ን፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ተከታዩን 4506ን ክሮኬት አንጠለጠለው። ፋብሪካው ሽጉጡን የሠራው ለድራማው አይደለም፤ ድራማው ነው ተሠርቶ ያገኘውን ያነሣው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ የቆዳው ታሪክ ነው። ክሮኬት ትከሻው ላይ ካጠለቃቸው የሽጉጥ ማኅደሮች አንዱን ጃካስ የተባለ የቺካጎ ቆዳ ሠሪ ድርጅት ነበር የሠራው። ድርጅቱ በኋላ ጋልኮ ተባለ፤ ማኅደሩም ‹‹ማያሚ ክላሲክ›› ተብሎ አሁንም ይሸጣል። ሽጉጡ ሞቶ ማንጠልጠያው ተርፏል ማለት ነው። ድራማው በዘላቂነት መሸጥ የቻለው ዕቃ ቃል በቃል ልብስ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛውና ዋናው ተቃውሞ ግን የፖሊሱ ነው። በ1984 አብዛኛው ፖሊስ ሪቮልቨር ታጥቆ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው በራሱ ወደሚያጎርሰው ሽጉጥ ተሻግሯል፤ ድራማው የታየው በመካከል ነው። ቀኑ ስለገጠመ ብቻ ምክንያት ነው ማለት ግን አይቻልም። የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ፖሊስ በራሱ የሚያጎርስ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የታጠቀው በ1967 ነው፤ በዚያን ጊዜ ክሮኬትን የተጫወተው ዶን ጆንሰን ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የአሜሪካ ጦርም በጃንዋሪ 1985 ያን አሮጌ 45 ጥሎ የጣሊያኑን ቤሬታ ሲመርጥ ለዓመታት የተካሄደ የፍተሻ ውድድር ጨርሶ ነው፤ ፍተሻው ሲጀመር ድራማው አልተጻፈም። ጅረቱ አስቀድሞ ይፈስ ነበር። ድራማው ወንዙ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ ነው፤ ጀልባው ውኃውን አመጣው ማለት አያስኬድም።

ጅረቱን ወደ ጎርፍ የለወጠው ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ነው። የማያሚ ቫይስ ሁለተኛ ምዕራፍ ገና በመታየት ላይ ሳለ፣ ከማያሚ ወጣ ብሎ በዴድ አውራጃ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ስምንት የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረቦች ባንክና የብር ማመላለሻ መኪና በመዝረፍ የሚፈለጉ ሁለት ሰዎችን መኪና ገጭተው አስቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው አምስት ደቂቃ አልሞላም። 145 ያህል ጥይት ተተኮሰ። ከወንጀለኞቹ አንዱ ሩገር ሚኒ 14 የተባለ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ከመርማሪዎቹ አብዛኞቹ ሪቮልቨር፣ ጥቂቶቹ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው የያዙት። ገና በተኩሱ መጀመሪያ ከመርማሪዎቹ አንዱ የተኮሰው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የባለ ጠመንጃውን ክንድ በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ነገር ግን ልቡ ጋ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ሰውዬው በዚያ ቁስል ሊሞት ይችል ነበር፤ ወዲያው አልሞተም ግን። ከዚያ ጥይት በኋላ ነው ሁለት መርማሪዎችን የገደለውና ሌሎችን ያቆሰለው። በጠቅላላው ከመርማሪዎቹ ሁለት ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ውጊያውን የጨረሰው አንድ እጁ በጥይት ተሰብሮ በሌላው የሚተኩስ መርማሪ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ጥይቶች የተኮሰውም ‹‹አሮጌ›› በተባለው ሪቮልቨር ነበር።

ልብ ማለት የሚገባው ከዚህ ደም በኋላ የተነሣው ጥያቄ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ቢሮው ‹‹ዘመናዊ ሽጉጥ የትኛው ነው?›› ብሎ አልጀመረም። ‹‹ጥይቱ ለምን ልቡ ጋ አልደረሰም?›› አለ። በ1987 የቁስል ሐኪሞችንና የጥይት ባለሙያዎችን ኳንቲኮ ላይ ሰብስቦ አወያየ፤ አንድ አረር በልብስም በመኪና መስተዋትም አልፎ ሥጋ ውስጥ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት የሚለው መለኪያ ከዚህ ዘመን ፍተሻ የወጣ ነው። በዚህ መለኪያ የተመረጠው ጥይት ማን ሆነ? ያው 10 ሚሊ ሜትሩ። ጥይቱ ከብሬን ቴን ጋር አብሮ ሊቀበር ደርሶ ነበር፤ ኮልት በ1987 ዴልታ ኤሊት የተባለ ሽጉጡን ስለሠራለት ነው የተረፈው። ቢሮው በ1990 ለዚህ ጥይት የተሠራውን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 1076 ያዘ። እዚህ ላይ ነው የወጉ ተራኪዎች ‹‹ያውላችሁ፣ የክሮኬት ጥይት!›› የሚሉት። አልነበረም። የክሮኬት ሽጉጥ ያጎረሰው 45 ነው፤ የቢሮውም ባለሙያዎች የለኩት ሥጋን ተክቶ በሚፈተሽበት ጄላቲን ውስጥ የተበሳውን ቀዳዳ እንጂ የተመልካችን ቁጥር አይደለም። ድራማው አሥሩን ስሙን ብቻ አስተዋወቀ፤ ጥይቱን ያስመረጠው ሌላ ጥይት ሳይደርስበት የቀረው ርቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። 10 ሚሊ ሜትሩ በሙሉ ኃይሉ ሲተኮስ ይራገጣል፤ ትንሽ እጅ ያለው መርማሪ ይቸግረዋል። ስለዚህ ባሩዱ ተቀነሰለት። ባሩዱ ከተቀነሰ ቀለሃው ለምን ይረዝማል ብለው ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንቸስተር አሳጠሩት፤ በጃንዋሪ 1990 ባለ 40 ካሊበር የተባለው ጥይት ወጣ። አጭር ስለሆነ ለ9 ሚሊ ሜትር በተሠራ የሽጉጥ አካል ውስጥ ይገባል፤ የአሜሪካ ፖሊስ በብዛት የተቀበለውም እሱን ነው። ክሮኬት 40 ካሊበር ተኩሶ አያውቅም፤ ድራማው ሲያልቅ ጥይቱ ገና መውጣቱ ነበር።

እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ምንም አላደረገም ልበል? እንዲህ ማለትም ያሳስታል። ምን ዓይነት ሰው ሽጉጥ እንደሚታጠቅ፣ ሽጉጡስ ከየት ተመዝዞ እንዴት መታየት እንዳለበት ለአንድ ትውልድ አስተምሯል። ከኮሎምቦ ባዶ ወገብ ወደ ክሮኬት የሚያበራ ብብት የተደረገው ጉዞ ትንሽ አይደለም። ይህ የጣዕም ታሪክ ነው፤ የጣዕም ታሪክ ራሱን ችሎ ቢጻፍ የሚያሳፍር አይደለም። ጥፋቱ ጣዕሙን ከትጥቁ ጋር መደበላለቅ ነው። መስኮቱ ራሱ እንኳ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አንድ ጊዜ ሳያስበው አሳይቶናል። በ1988 ስለ ኤፕሪል 11ዱ ውጊያ የቴሌቪዥን ፊልም ተሠራ። በውስጡ ሚኒ 14 ይዞ መርማሪዎቹን የሚገድለውን ሰው የተጫወተው ዴቪድ ሶል ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት በስታርስኪ ኤንድ ሃች ረጅሙን ኮልት ፓይተን እየመዘዘ የወጣት ልብ ያሸፈተው ያው ሃች።

ማያሚ ቫይስን ዛሬ ደግሞ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ክሮኬት በሌሊት ሲተኩስ ተንሸራታቹን ብረት ይመልከት፤ የሚያበራው ክሮሙ ነው፣ የሚወረወረው ቀለሃ የ45 ነው። ትጥቁ ግን በራሱ መንገድ ሄዷል፤ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው 10ሩን ትቶ፣ 40ውን ትቶ፣ በ2010ሮቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል።